በቀኝ በር በኩል ያለው መስመር

ባለፈው የመስቀል ሰሞን ከሚዛን ገበያ ስመለስ፣ ገና ከግቢዬ በር ሳልገባ የብርጭቆ ወረቀት ሲፋቅ ሰማሁ። ድምፁ ጥርስ ያንገጫግጫል። አናጢ የጠራሁ መስሎኝ ቆም አልኩ፤ አናጢ ግን አልጠራሁም። ዘንቢሌን እንደያዝኩ ገባሁ። ቱታ የለበሰ ሰው ከመኪናዬ ቀኝ ጎን ተንበርክኮ፣ ከፊት መብራት ተነሥቶ በበሮቹ ላይ ወደ ኋላ የሚሄደውን የአሉሚኒየም መስመር ይፍቃል። አንድ ክንድ ያህሉን ጨርሶታል። ጠዋት ስወጣ ፊቴን ያሳየኝ የነበረው አሉሚኒየም ግራጫ ሆኖ፣ ድመት የቧጨረው መስሎ ጠበቀኝ።

"ምን እያደረግህ ነው?" አልኩት።

"ማዘር፣ ልጅዎ ነው ያዘዘኝ" አለ ቀና ብሎ። "ካልሻከረ ጥቁሩ ቀለም አይዝም።"

"ጥቁር ቀለም ማን ጠየቀ?"

ልጄ ዳንኤል የሻይ ብርጭቆ ይዞ ከቤት ወጣ። የሚኖረው ሐዋሳ ነው፤ እኛ ጉራጌዎች ለመስቀል ካልተሰባሰብን ዓመቱ አልዞረም ስለምንል በየዓመቱ ይመጣል። "እማዬ፣ እኔ ነኝ" አለ። "ላሳርፍሽ ብዬ ነው። ጎንበስ ብለሽ ስትወለውዪ ወገብሽ ሊቆረጥ ነው። ጥቁር ከተቀባ መወልወል የሚባል ነገር የለም። አሁን ፋሽኑም እሱ ነው።"

ወረቀቱን ከሰውየው እጅ ወሰድኩ። "ጥፋቱ ያንተ አይደለም። ምሳ ብላና ሂድ" አልኩት፤ በልቶም ሄደ። ዳንኤል ግን አኮረፈ። "ለአንድ ቆርቆሮ ብለሽ በሰው ፊት እንዲህ ታደርጊኛለሽ?" አለኝ።

ቆርቆሮ! ስለዚህ መኪና ስንት ሰው ይህን ቃል እንደተናገረ ዳንኤል አያውቅም። ዕድሜያቸው ለደረሰ ስሙ ሚሌቼንቶ ነው፤ ላልደረሰ ደግሞ የጣሊያን ሥሪት፣ ባለ አራት በር፣ ወተት የመሰለ ነጭ መኪና ነው ብል ይበቃል። ባለቤቴ ኬርጋ ከጅማ ነው ያመጣው፣ ከሌላ ሰው ገዝቶ፣ ጎጀብን ተሻግሮ፣ ቦንጋ ላይ አንድ ቀን ጭቃ ይዞት አድሮ። ያኔ ሚዛን ማለት አንድ ቀይ አፈር መንገድና ግራ ቀኙ የተደረደረ ሱቅ ነበር። ወንዶቹ ቴትሮን ሱሪያቸውን ከታች ሰፋ አስደርገው ያሰፉና፣ ጭቃው ፋሽን ስለማያውቅ፣ እስከ ጉልበታቸው ጠቅልለው ይሄዳሉ። እኛ ሴቶቹ ናይለን ሻሽ እናስራለን፤ የእኔ ቢጫ ነበር፣ ዳሩ ላይ አረንጓዴ ቅጠል ያለው። ትልቅ የሙዝ ዘለላ በስሙኒ ይገዛል። ማር የሚመጣው በቅል ነው፤ ሰሙ፣ ንቡ፣ ሁሉም አብሮ። በየሱቁ ደጃፍ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ሬዲዮ ተሰቅሎ ይዘፍናል፤ ድንጋዩ ሲደክም ዘፋኙም አብሮ ይደክማል፤ ያን ጊዜ ኬርጋ ድንጋዮቹን አውጥቶ ፀሐይ ላይ ያሰጣቸዋል። የአምስት ብር ቤንዚን ቴፒ አድርሶ ይመልስ ነበር ብዬ ስናገር የአሁኖቹ የባጃጅ ልጆች ይስቁብኛል። ይሳቁ። ሸኮ ጫካ ውስጥ፣ ጉሙ መስተዋቱ ላይ ተኝቶ፣ ከኋላ ወንበር የቴፒ ቁንዶ በርበሬና ኮረሪማ እየሸተተ ተጉዘው አያውቁም።

መኪናው በገባ ዓመት ገደማ የኬርጋ ዓይን ከዳር ከዳሩ ይጨልም ጀመር። መጀመሪያ ሰው ገፈተረ፤ ቀጥሎ አጥር። ጅማ ያለው ሐኪም የዓይን ግፊት ነው፣ የጠፋው አይመለስም አለው። ከጅማ ተመልሰን ቤት ከገባን በኋላ "ሽታዬ፣ መኪናውን እንሸጠዋለን" አለኝ።

"ለምን?"

"የሚነዳው የለማ።"

"እኔስ?"

ሳቀ። እኔ ሳልስቅ ስቀር እሱም ተወው። በቀረችው ብርሃን አጠገቤ ተቀምጦ አማን በኩል ባለው ሜዳ ላይ አስተማረኝ። ፍሬን ስይዝ ግንባሩ ከመስተዋቱ ይጋጫል፤ አንድ ቀን እንኳ አልተቆጣኝም። ከተማው ግን ዝም አላለም። "ባሏን ዓይኑ ሲከዳው እሷን ልቧ ከዳት" አሉኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ለገበያ የሚወርዱት የቤንች ሴቶች ብቻ ሸክማቸውን አስቀምጠው ያጨበጭቡልኝ ነበር፤ እኔም ክላክስ እነፋላቸዋለሁ። ለመንጃ ፈቃድ ጅማ ስሄድ ፈታኙ ከላይ እስከ ታች አየኝና "ባልሽ ፈቅዶልሻል?" አለኝ። "ከኋላ ተቀምጧል፤ ጠይቀው" አልኩት። ኬርጋ አንገቱን አውጥቶ "እሷ ካልነዳች ወደ ሚዛን የምመለሰው በእግሬ ነው" አለው። አለፍኩ።

መስመሩ ትርጉም ያገኘው ከዚያ በኋላ ነው። ኬርጋ ጨርሶ ማየት ሲያቅተው ቤት ውስጥ ዱላ ይይዛል፤ ወደ መኪናው ሲሄድ ግን ዱላውን ጥሎ ነው። ከደረጃው ወርዶ እጁን ይዘረጋና የፊት መብራቱን ያገኛል። ከዚያ መዳፉን አሉሚኒየሙ ላይ አድርጎ፣ ቀስ እያለ፣ ቀጥ ብሎ፣ እንደ ማንኛውም ሙሉ ሰው ወደ በሩ ይራመዳል። በሩ ጋ ደርሶ እጁን ከፍ ሲያደርግ እጀታው ላይ ያርፋል። ክንዱን ልይዘው ከሞከርኩ "ተይኝ፣ መንገዴን ይዣለሁ" ይለኛል። ኮፍያውን አስተካክሎ፣ ኮቱን ቆልፎ ሲቀመጥ ዓይነ ስውር ነው ብሎ የሚገምት እንግዳ አልነበረም። ስለዚህ እወለውለዋለሁ። የደረቀ ጭቃ ካለበት መዳፉን ይቧጭረዋል፤ ኬርጋም ያኔ ፊቱ ይጠቁራል። ጭቃው ሳይሆን ጭቃውን አለማየቱ ነው የሚያናድደው።

ከዚያ ዘመን ተለወጠ። የማን ዘመን ሄዶ የማን እንደመጣ ሌሎች ይጻፉት፤ እኔ የማስታውሰው አንድ ጠዋት ሁለት ሰዎች መጥተው "መኪናው ለሥራ ይፈለጋል" ማለታቸውን ነው። አንደኛው "ሰውየው አያይም፤ የምትነዳውም ሴት ናት፤ ምን ይሠራላቸዋል?" ብሎ ለጓደኛው ሲናገር ሰማሁት። ኬርጋ በቀኝ በኩል ቆሞ እጁን መስመሩ ላይ አድርጎ ነበር። ሞተሩ ሲነሣ እጁን አላነሣም። መኪናው ከመዳፉ ሥር ሄደ። እጁ አየር ላይ ቀረ፤ እኔ ሄጄ እስክይዘው ድረስ እንደዚያው ቀረ። ዳንኤል ያኔ በጀርባዬ የታዘለ ሕፃን ነበር።

ዓመታት አለፉ። መኪናው ሠርቶ ሠርቶ ሲደክም አንድ ቅጥር ግቢ ውስጥ ተጣለ፤ ሣር በወለሉ በኩል በቀለበት። በአጥሩ ቀዳዳ አየው ነበር፤ ለኬርጋ ግን አልነግረውም። በመጨረሻ "ቆርቆሯችሁን ውሰዱ" ተባልን። ቡና የሚጭን መኪና ጎትቶ ቤት አደረሰልን። ጎማ የለውም፣ ወንበሩን አይጥ ወልዶበታል፣ ከአሉሚኒየሙ ጌጥ አንድም አልቀረም። ኬርጋ የመጣውን ድምፅ ሰምቶ ዱላውን ጣለና ወረደ። እጁን ዘርግቶ መብራቱ የነበረበትን ጎድጓዳ አገኘ። ከዚያ መዳፉን ወደ ኋላ አንሸራተተ። ትንሽ ሄደና ቆመ። ጣቱን ጌጡ የተያዘባቸው ጉድጓዶች ውስጥ አንድ በአንድ ከተተ።

"ሽታዬ፣ ቀዳዳ ብቻ ነው" አለ። "ዱላዬን አምጪልኝ።"

ዱላውን አመጣሁለት። በዚያችው ሰዓት ግን ለራሴ ማልኩ፤ ጎማውና ሞተሩ ይዘግይ፤ ያ መስመር ግን ቦታው ላይ ይመለሳል።

ሰው ቢሰማ ያበድኩ ይመስለው ነበር፤ ሰምቶም አበደች ብሏል። አሉሚኒየም ቀላልና የማይዝግ ስለሆነ ሰው አይጥለውም፤ አንድ ቦታ ይኖራል ብዬ ዓይኔን ከፈትኩ። የመጀመሪያውን ያገኘሁት ገበያ ውስጥ፣ ልብስ ሰፊ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ሰውየው ማስመሪያ አድርጎታል። ጀርባውን ገልብጬ የመያዣዎቹን ቦታ ሳሳየው ሳቀ፤ የእንጨት ማስመሪያ አሠርቼ አመጣሁለትና ተለዋወጥን። አንዱ ሸዋ ቤንች ባለ አንድ ሻይ ቤት የባንኮኒው ጠርዝ ሆኖ ተመትቶ ነበር፤ ባለቤቷን ለምኜ ምስማሩን ራሴ ነቀልኩ። አንዱን ቱም ድረስ ሄጄ ከአንድ ነጋዴ ቤት አወረድኩት፤ መጋረጃ ተሰቅሎበታል። የነጋዴው ሚስት "ለመጋረጃ ዘንግ ብለሽ ይህን ሁሉ መንገድ?" ስትለኝ "ለአንቺ የመጋረጃ ዘንግ ነው" አልኳት። የቀረው አንድ ብቻ ነበር፤ በቀኝ በኩል ከመብራቱ የሚነሣው። ያለ እሱ የተቀረው ለኬርጋ ምንም ነው፤ መነሻው የጠፋ መንገድ።

የተሰበረ አሉሚኒየም የሚሰበስቡ ሰዎች ሁሉንም ቴፒ ወስደው ለነስሩ እንደሚሸጡ ሰማሁ። ነስሩ የጅማ ሰው ነው፤ ገበያው ጀርባ አሉሚኒየም እያቀለጠ ድስትና ክዳን ይሠራል። ስደርስ ወናፉ ይጮሃል፣ ከሰሉ ቀይ ሆኗል። ከአጠገቡ ሰባራ ድስት፣ የጀበና ቅርጽ ያለው ማንቆርቆሪያ፣ የሞተር ቁርጥራጭ ተቆልሏል። ከቁልሉ ሥር፣ እንደ ማጭድ ጎብጦ፣ የእኔን አየሁት።

"ነስሩ፣ ያቺን ስጠኝ" አልኩት።

"እትዬ፣ በኪሎ የገዛሁት ነው። ለሠርግ የታዘዘ ድስት አለብኝ፤ እንዲያውም አንሶኛል።"

"ገንዘብ እሰጥሃለሁ።"

"ገንዘብ አይቀልጥማ።"

ሄጄ ቁልሉ ላይ ተቀመጥኩ። ቀሚሴ ጥላሸት በጥላሸት ሆነ።

"ምን እያደረግሽ ነው?"

"ከተነሣሁ ታቀልጠዋለህ።"

መጀመሪያ ሳቀ፤ እንደማልነሣ ሲያውቅ ሚስቱን ጠራ። ዘሃራ እጇን በሽርጧ እየጠረገች መጣችና ከፊቴ ቁጢጥ አለች። "ለምንሽ ነው?" አለችኝ። ስለ ኬርጋ እጅ ነገርኳት። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ ባሏን አየችው፤ ባሏ ዓይኑን ወደ ከሰሉ አዞረ።

"ቤትሽ ድስት አለሽ?" አለች።

"አለኝ። ሁለት ትልልቅ፤ ለሠርጌ የተሰጡኝ።"

"እነሱን አምጪ። እስክትመለሺ እኔ እዚህ ቁልል ላይ እቀመጥልሻለሁ።"

በማግስቱ ድስቶቹን ተሸክሜ ስመለስ ዘሃራ እውነትም ቁልሉ ላይ ተቀምጣ ሽንኩርት ትልጣለች። ነስሩ ድስቶቼን ዓይኔ እያየ በመዶሻ ሰባበራቸው። የእናቴ እጅ የነካቸው ናቸው። መስመሩን ግን በጭኔ ላይ አጋድሜ ሚዛን እስክደርስ እንደ ሕፃን ያዝኩት። "ሽታዬ ለመኪና ጌጥ ብላ ድስቷን አቀለጠች" ተብሎ ከተማው ሙሉ ተወራ። ያን ክረምት በሸክላ ድስት ቀቀልኩ። ወጡም ጣፈጠ።

ላሜራ የሚያቃናው ዘውዴ መስመሩን እንጨት ላይ አጋድሞ በጎማ መዶሻ ቀስ እያለ አቃናው፤ አንድ ቦታ ላይ ግን ትንሽ ስርጉድ እምቢ አለ። ከመግጠማችን በፊት ወለወልኩት። ኬርጋን ምንም አልነገርኩትም። ጠዋት "ና፣ ወደ ግቢው ውረድ" አልኩት። "ዱላዬስ?" አለ። "አያስፈልግህም" አልኩት። ወረደ፤ እጁን ዘረጋ፤ መብራቱን አገኘ። መዳፉ መስመሩ ላይ ሲያርፍ ትከሻው ሲቃና አየሁት። ሳይቸኩል ሄደ። ስርጉዱ ጋ ሲደርስ ጣቱ ቆመ።

"እዚህ ጋ ምን አገኛት?"

"ቴፒ ደርሳ መጣች።"

"ብቻዋን?" አለና እየሳቀ በሩን ከፍቶ ገባ። መኪናው ገና ጎማ አልነበረውም፤ ድንጋይ ላይ ነው የቆመው። ኮፍያውን አስተካክሎ ተቀመጠ። እኔም መሪው ጋ ተቀመጥኩ። የትም ሳንሄድ እስከ ምሳ ተቀመጥን፤ ሬዲዮ ባይኖርም እሱ ዘፈነ።

ጎማው ኋላ መጣ፣ ሞተሩም ተነሣ፣ ከኬርጋ ጋርም ብዙ ዓመት ሄድንበት። አሁን እሱ የለም። ሰዎች አሁን ለማን ትወለውያለሽ ይሉኛል። ለማንም አላስረዳም፤ እወለውላለሁ። አሉሚኒየም የዋህ ይመስላል እንጂ ቂመኛ ነው፤ አንድ ጊዜ ከበደልከው ምልክቱን ይይዛል። ድስት እንደሚፈተገው በአመድ ከፈተግከው ይበላዋል፣ ነጭ ብጉር ያወጣል። የብረት ሽቦ አይነካውም። ላቫጆ ቤቶቹ የሚረጩትን አረፋማ መድኃኒት በሩቁ ነው የማየው፤ አንድ ጊዜ ሊረጩብኝ ሲሉ ቧንቧውን ረግጬ ቆሜያለሁ። መጀመሪያ በብዙ ውሃ ጭቃውን ማስለቀቅ ነው፤ ደረቁን ከጠረግከው አሸዋው ይፍቀዋል። ከዚያ ለስላሳ ሳሙና፣ ከዚያ ያረጀ ነጠላ። ከደበዘዘ ትንሽ የጥርስ ሳሙና፣ ሁልጊዜ እንደ መስመሩ ርዝመት፣ ማሽከርከር የለም። በመጨረሻ ከሸኮ የሚመጣ የንብ ሰም በጥቂት ላምባ አቅልጬ፣ ከእሳት ርቄ፣ በጣቴ እቀባዋለሁ። እዚህ አገር ዝናቡ መሄጃ የለውም፤ አሉሚኒየሙ ከብረቱ በሚገናኝበት በኩል ውሃ ገብቶ እንዳይበላው ከጀርባው የጎማ ላስቲክ ቆርጬ አድርጌያለሁ። ይኸው ነው። ወገቤ ያመኛል፤ ሳልወለውልም ያመኛል።

ይህን ሁሉ በዚያ የመስቀል ሰሞን ከሰዓት፣ ዳንኤል እንዳኮረፈ በረንዳው ላይ ተቀምጦ፣ ነገርኩት። መኪናው ሲወሰድ ሕፃን ነበር፤ ሲታደስ ደግሞ ጅማ አጎቱ ዘንድ ሆኖ ይማር ነበር። አባቱ መስመሩን ይዞ ሲሄድ ብዙ ጊዜ አይቷል፤ እንዲሁ የሚነካው ይመስለው ነበር። ስለ ድስቶቹ ስነግረው ብርጭቆውን መሬት አስቀመጠ።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"መች ጠየቅህ? ቆርቆሮ ነው ብለህ ጨረስክ።"

ተነሥቶ ወደ መኪናው ሄደና የተፋቀውን ቦታ ጎንበስ ብሎ አየ። "ነገ እኔ እሠራዋለሁ" አለ።

"አትነካውም። አንተ ውሃ ቅዳ።"

በማግስቱ ውሃ ቀዳ። እኔ በጣም ደቃቁን ወረቀት በውሃ እያራስኩ፣ ቀጥሎ በጥርስ ሳሙናው፣ ቀጥሎ በጨርቅ፣ ስደክም እያረፍኩ ሠራሁት። ዳንኤል ባልዲ እያመላለሰ፣ ሁለት ጊዜ "ትንሽ ልርዳሽ" አለ፤ ሁለቱንም ጊዜ ባልዲውን አሳየሁት። ፀሐይ ስትዘቀዝቅ ፊቴ ተመልሶ ታየኝ። ጠጋ ብሎ ላየው ጭረቱ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። ይኑር።

በሚሄድበት ጠዋት ራሴ ወደ አውቶቡስ መናኸሪያ ወሰድኩት። መንገድ ላይ እንደገና ጀመረው፤ ልጅ አይደክመውም። "እማዬ፣ ሐዋሳ ውስጥ የድሮ መኪና የሚሰበስቡ ሰዎች አሉ፤ በክብር ይይዙልሻል። አንቺ ስታልፊ ማን ይወለውለዋል?"

"እሱን ስሞት ጠይቀኝ።"

ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። ከኋላችን አንድ ባጃጅ ክላክሱን ይነፋል። ነጂው ቀኝ ጎኔን ታክኮ ሲያልፍ አንገቱን አውጥቶ "ማዘር፣ ሙዚየም አስገቢው!" አለ። "ቅደም ልጄ፣ አስፋልቱ ለሁላችንም ይበቃል!" አልኩት፤ እኔም ቦታዬን አልለቀቅኩም። ዳንኤል ሻንጣውን አውርዶ ጉንጬን ሳመኝና "ቀጥታ ወደ ቤት ሂጂ እሺ፣ ሰማዩ ጠቁሯል" አለኝ። እሺ አልኩት። አውቶቡሱ ሲወጣ አየሁት፤ እጁን በመስኮት እስኪያስገባ ጠበቅኩ። ከዚያ መሪውን ወደ ቴፒ መንገድ አዞርኩ። ሸኮ ዳገት ሥር ስደርስ ዝናቡ ያዘኝ። ማርሽ ቀይሬ ወጣሁ።